ያገለገለ የድምፅ መሣሪያ፦ በቴሌግራም ወይስ በአቃቂ ገበያ?

የሰርግ ወራት የሆኑት ጥርና ሚያዝያ ሲቃረቡ በአቃቂ፣ በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ አጥብቀው ከሚፈለጉ ዕቃዎች አንዱ ድምፅ ማጉያ ነው። ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ነጋዴ፣ ዕድሩ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሥራውን በሰርግ ሙዚቃ ላይ የመሠረተው ወጣት፣ ሁሉም ሕዝቡ በጥቅሉ «ሞንታርቦ» እያለ የሚጠራውን ዕቃ ይፈልጋል። ሞንታርቦ በመሠረቱ የአንድ የጣሊያን አምራች ስም ነው፤ በእኛ አገር ግን የማንኛውም ትልቅ ስፒከር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት «ሞንታርቦ አለኝ» ያለ ሻጭ የትኛውን አምራችና የትኛውን ሞዴል እንደያዘ ገና አልተናገረም። የመጀመሪያው ጥያቄም ይኸው መሆን አለበት።

አዲስ ዕቃ መግዛት ለብዙዎች ከአቅም በላይ እየሆነ መጥቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የድምፅ መሣሪያ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ጤፉን፣ ሽምብራውን ወይም ምስሩን ሸጦ ለልጁ መተዳደሪያ የሚሆን ዕቃ ለመግዛት የተነሳ የአቃቂ ዙሪያ አርሶ አደር ፊቱን ወደ ያገለገለ ዕቃ ቢያዞር የሚደንቅ አይሆንም። የሚያስጨንቀው ጉዳይ ሌላ ነው። ያ ገንዘብ የአንድ ዓመት ድካም ነው፤ የተበላሸ አምፕሊፋየር ላይ ከዋለ የሚተካው በሚቀጥለው መኸር ነው።

አቃቂ ለድምፅ ሥራ እንግዳ አይደለችም። አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው የአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ አንሳልዶ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ተሠርቶ በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችው፣ ከጣሊያን ኩባንያ በተረከበችው በዚያው ጣቢያ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው።

ወደ ገበያው እንመለስ።

በስልክ የሚደረግ ግብይት

ዛሬ ያገለገለ የድምፅ መሣሪያ በብዛት የሚታየው በቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክ የሽያጭ ገጾች እንዲሁም እንደ ጂጂ ባሉ የማስታወቂያ ድረ ገጾች ላይ ነው። የማስታወቂያው ቋንቋ የታወቀ ሆኗል። «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ «ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ»፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ «ለፈጠነ»። እነዚህ ቃላት ስለ ዕቃው ጤንነት የሚናገሩት ነገር የለም። ቁም ነገር ያለው ማስታወቂያ የአምራቹን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ይጽፋል፤ የዕቃውን ጀርባ፣ የመሰኪያ ቀዳዳዎቹንና የኤሌክትሪክ መግለጫውን የያዘውን ልጣፍ በፎቶግራፍ ያሳያል፤ ጉድለት ካለም ይናገራል።

የስልኩ መንገድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዋጋን ያሳውቃል። ቀደም ሲል በአቃቂ የሚኖር ሰው የአንድን ሚክሰር ዋጋ ለማወቅ መርካቶ መውረድ ነበረበት። ዛሬ የሞዴሉን ቁጥር ጽፎ ሲፈልግ አሥር ሻጮች ምን እንደሚጠይቁ በአንድ ምሽት ያያል። በእርግጥ የሚታየው ሻጩ የጠየቀው እንጂ ዕቃው በትክክል የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። የሆነ ሆኖ አንድ ማስታወቂያ ለሳምንታት ሳይነሳ ሲቆይ ዋጋው እንደተወደደ፣ ወይም ዕቃው እንከን እንዳለበት መገመት ይቻላል።

አደጋው የሚመጣው ገንዘብ ከእጅ በሚወጣበት ጊዜ ነው። በጣም የተለመደው ማታለያ ቀብድ ማስላክ ነው። ዋጋው ከገበያው በግልጽ ያነሰ ዕቃ ይለጠፋል፤ ደዋዩ «ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ላቆይልህ ከፈለግህ ግማሹን አስገባ» ይባላል፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ስልኩ አይነሳም። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ገንዘብ ማስተላለፍን የሰከንዶች ሥራ አድርገውታል። ይኸው ፍጥነት ግን ለአጭበርባሪም ያገለግላል፤ በገዛ ፈቃድ የተላከን ገንዘብ ማስመለስ ቀላል አይደለምና። ስለዚህ ላላዩት ዕቃ ቀብድ አለመላክ የማያወላውል ሕግ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ሕግ ምክንያት አንዳንድ ጥሩ ዕቃ ያመልጣል፤ ቢያመልጥም ይሻላል።

ማታለያው በሻጭ ላይም ይደርሳል። ገዢ ነኝ ያለው ሰው ገንዘብ ማስገባቱን የሚያሳይ የስልክ ምስል ያቀርባል፤ ምስሉ ግን በማቀናበሪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት እንኳ ከሌላ ስልክ ሊላክ ይችላል። ሻጭ ማመን ያለበት የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ያየውን ቀሪ ገንዘብ ብቻ ነው። ገዢው «አውታረ መረብ ስለዘገየ ነው፣ ይገባልሃል» ቢል ገንዘቡ እስኪገባ ዕቃው ባለበት ይቆያል፤ እውነተኛ ገዢም በዚህ አይቀየምም።

በአካባቢ የሚደረግ ግብይት

በአቃቂ ያገለገለ ዕቃ የሚገኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አንደኛው «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ወጣት ነው። እርሱ የማይሠራ ቴፕንም፣ የተሰበረ ስፒከርንም እንደ ቁራጭ ብረትና ፕላስቲክ ይገምታል። ለሻጭ የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ ይህ ነው። ከልዋጭ ጋር የሚደረገውም ግብይት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በአንድ ሳፋ የተለወጠ አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ከሳፋው የሚበልጥ ዋጋ ያለው ማጉያ ሊኖር ይችላል። በዚህ መልክ የተሰበሰበው ዕቃ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው መርካቶ ምናለሽ ተራና መሰል ቦታዎች ሲሆን፣ ጠጋኞች መለዋወጫ የሚለቅሙትም ከዚያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ነው። እንደዚህ ጸሐፊ እምነት በአቃቂ ያለ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ማንኳኳት ያለበት በር ይህ ነው። ጠጋኙ የትኛው የሰፈሩ ዕቃ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ ያውቃል፤ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ፣ ታድሶ የተቀመጠ አምፕሊፋየርም አያጣም። ዋጋው በቴሌግራም ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ዕቃው በሁለተኛው ሳምንት ቢዘጋ ገዢው ተመልሶ የሚሄድበት ደጃፍ አለው። ጠጋኙም ከነገ ወዲያ በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ስሙን ይጠብቃል።

ሦስተኛው በሰው በሰው የሚደረገው ነው፤ ዕቃ የሚቀይር ዕድር፣ ሥራ የሚተው አከራይ፣ አገር የሚለቅ ጎረቤት። ደላላም በመካከል ይገባል። ደላላ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ኮሚሽኑ ከየትኛው ወገን፣ ስንት እንደሚከፈል ግን ከዋጋ ድርድሩ በፊት ካልተነገረ በመጨረሻ ጭቅጭቅ ያስነሳል።

የሩቁና የቅርቡ ዋጋ ሲነጻጸር የመንገዱ ወጪ መዘንጋት የለበትም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጥንድ ስፒከር በአያት በኩል 40 ሺህ ብር፣ በአቃቂ ደግሞ 45 ሺህ ብር ተጠየቀበት እንበል። ልዩነቱ 5 ሺህ ብር ነው። ጠጋኝ ይዞ ለመሄድ የሚከፈለው አበል፣ ዕቃውን ለመመለስ የሚያዘው የኮንትራት መኪና እንዲሁም የባከነው የሥራ ቀን ሲደመሩ ከዚያ ልዩነት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቀላል ዕቃ ከሆነ ግን፣ ማይክራፎን ወይም ትንሽ ሚክሰር፣ በቀላል ባቡሩም ሆነ በታክሲ ተይዞ ስለሚመጣ ርቀቱ አያሳስብም። ከባድ ዕቃ ከቅርብ፣ ቀላል ዕቃ ከየትም ቢገዛ ያዋጣል።

ወቅትም ዋጋ አለው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሰርግ ስለሚበዛ አከራዮች ዕቃ ይሻማሉ። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይኖር ብዙ ዕቃ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ የገንዘብ ችግር ያለበት ባለቤትም ያን ጊዜ ለድርድር ይለሰልሳል። መሸጥ የፈለገ በታኅሣሥ፣ መግዛት የፈለገ በጾሙ መካከል ቢነሳ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

በጆሮ፣ በአፍንጫና በመለኪያ

የድምፅ መሣሪያ እንደ ወንበር ታይቶ ብቻ አይገዛም። ገዢው በሚገባ የሚያውቀውን ዘፈን ወይም መዝሙር በፍላሽ ይዞ መሄድ አለበት። ሻጩ የመረጠው ሙዚቃ የዕቃውን ድክመት የሚሸፍን ሊሆን ይችላልና። ሙከራውም በአንድ ደቂቃ አይወሰንም። ብዙ አምፕሊፋየሮች ቀዝቃዛ ሳሉ በደንብ ይሠሩና ሲሞቁ መንጫጨት ወይም መቋረጥ ይጀምራሉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከመካከለኛ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማሠራት ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ማራገቢያው መዞሩን፣ የተቃጠለ ሽታ አለመኖሩን ማስተዋል ነው። ማንኛውንም መቆጣጠሪያ ቁልፍ ሲያዞሩ የሚሰማ መንኮሻኮሽ አቧራ ከሆነ በጽዳት ይለቃል፤ አንዱ ቻናል ጨርሶ ዝም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሚክሰር ሲሆን እያንዳንዱን ቻናል በአንድ ማይክራፎን በየተራ መሞከር እንጂ «ሁሉም ይሠራል» የሚለውን ቃል መቀበል አይገባም።

ስፒከርን በተመለከተ ትልቁን የድምፅ ክብ በጣቶች ዙሪያውን እኩል፣ በቀስታ ወደ ውስጥ መጫን ነው። ያለ ድምፅ ገብቶ ከወጣ ደህና ነው፤ የመፋቅ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ያለው ኮይል ተጎድቷል። በክቡ ዳር ያለው ስፖንጅ ከዕድሜ ብዛት የሚፈረካከስ ከሆነም ጥገና ይጠብቀዋል። ጠጋኝ ካለ በቴስተር ይለካዋል። ጀርባው ላይ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በቀጥታ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ባለ 4 ኦሙ ደግሞ ከ3 ኦም ትንሽ ከፍ ይላል። መለኪያው ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው ስለሆነ ጆሮን ወደ እርሱ አስጠግቶ ማዳመጥ ይገባል። ጎረቤት የሚሰማው ትልቁን ነውና የትንሹን መሞት ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ብዙውን አያሳስብ። «ፒ ኤም ፒ ኦ» ተብሎ በሺዎች የሚጻፈው ቁጥር ለማስታወቂያ የተፈጠረ ነው፤ ዕቃው ያለማቋረጥ የሚሸከመው «አር ኤም ኤስ» የሚባለው ነው፤ ልዩነታቸውም የብዙ እጥፍ ነው። ለድንኳን ሰርግ የተገዛው ዕቃ በመጀመሪያው ቀን የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁለት ቁጥር ባለመለየት ነው።

ከከተማ ወጣ ብሎ መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ጎማና እጀታ ያለው ባለባትሪ ስፒከር ይመረጣል። የዚህ ዕቃ ልቡ ባትሪው ነው። በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። ሻጩ ዕቃውን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ «ንቀለውና እንስማ» ማለት የገዢው መብት ነው። ባትሪው የሞተ ቢሆንም ዕቃው ሊገዛ ይችላል፤ የአዲስ ባትሪው ዋጋ ግን ከተጠየቀው ላይ መቀነስ አለበት።

ከውጭ በሻንጣ ለሚመጣ ዕቃ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው። በጀርባው ልጣፍ ላይ 100–240 የሚል ካለ ዕቃው እዚህም ያለ ችግር ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር ከግድግዳው ሶኬት በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩም ከዕቃው ፍጆታ የሚበልጥ አቅም ሊኖረው ይገባል፣ ዋጋውም ከዕቃው ዋጋ ጋር ይደመራል። አንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው መቀየሪያ ስላለው ከመሰካት በፊት እርሱን ማየት ነው። ሁለተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቴፕ ወይም የመኪና ሬዲዮ የሚቀበለው ከ76 እስከ 90፣ አንዳንዱም እስከ 95 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ከዚያ በላይ ስለሆኑ በዚህ ሬዲዮ አይሰሙም። የቪትዝ መኪና ባለቤቶች ይህን ችግር ያውቁታል፤ ቴፑን ለብቻው የሚገዛ ሰው ግን ወደ ቤቱ ገብቶ ዜና ሲፈልግ ነው የሚረዳው።

ወረቀት፣ ሕግና የተሰረቀ ዕቃ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን በተረከበ ጊዜ የመመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ጉድለቱን እያወቀ የገዛ ሰው በዚያው ጉድለት ሊከራከር አይችልም። ስለዚህ «ቀኝ ቻናሉ አይሠራም» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ይኸው በውሉ ላይ ቢጻፍ ሁለቱንም ወገን ከኋላ ክርክር ያድናል። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢው ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በቴሌግራም የተጻጻፉትም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ማስታወቂያውን፣ ንግግሩንና የክፍያ ማረጋገጫውን ሳያጠፉ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ከራሱ በኩል ሊሰርዘው ስለሚችል በምስል ቀርጾ መያዝ ይበጃል።

የተሰረቀ ዕቃ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ስፒከርና ማይክራፎን ከየአዳራሹ ይጠፋሉ፤ በሌላ ሰፈር በርካሽ ይሸጣሉ። ሕጉ ለተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን ከገዢው እጅ የማስመለስ መብት ይሰጠዋል፤ ገዢው በቅን ልቦና የገዛ ቢሆንም እንኳ። በቅን ልቦና ከሕዝብ ገበያ ወይም ያንኑ ዓይነት ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ የገዛ ሰው የከፈለውን ገንዘብ ለመጠየቅ የተሻለ መሠረት አለው። ከማይታወቅ ሰው ጋር በታክሲ ፌርማታ ተገናኝቶ የገዛ ግን ዕቃውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። የዕቃው መለያ ቁጥር የተፋቀ ከሆነ፣ ሻጩም የራሱን ዕቃ ማገናኘት የማይችል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን የሚያጣ ከሆነ ትቶ መሄድ ነው።

የሽያጭ ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሁለቱ ወገኖች ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የዕቃው ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ ዋጋው፣ የታወቀው ጉድለት፣ ቀኑ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። በአካባቢ የሚገዛ ሰው ይህን በአሥር ደቂቃ ይጨርሳል። በስልክ የተገኘ ሻጭም በአካል ከተገናኙት የማይስማማበት በቂ ምክንያት የለውም።

ለሚሸጥ ሰው

ሻጭ ሲሆኑ ሚዛኑ ይገለበጣል። ለገዢ የቅርቡ መንገድ ቢያዋጣም ሻጭ የተሻለ ዋጋ የሚያገኘው ብዙ ዓይን በሚያይበት በስልኩ ነው። የአካባቢው ነጋዴ ዕቃውን አትርፎ ሊሸጥ ስለሚገዛ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ የማይቀር ነው። ያም ሆኖ እንግዳ ሰውን ወደ ቤት መጥራት የራሱ ፈተና አለው። ገዢው የቤቱን ሁኔታ አጥንቶ ሊሄድ ይችላል። ዕቃውን ወደ ጥገና ቤት ወስዶ በዚያ ማሳየት ጥሩ ዘዴ ነው፤ መብራት አለ፣ ሰው አለ፣ ለጠጋኙም ትንሽ ነገር ቢሰጠው ደስ ይለዋል። ከማሳየት በፊት ዕቃውን ማጽዳት፣ ገመዶቹን ማሟላትና የላላ መሰኪያ ማጥበቅ ከሚያስወጣው የሚያስገባው ይበልጣል።

በስልክ ብቻ እንጂ በሰፈር ትክክለኛ ዋጋቸውን የማያገኙ ዕቃዎችም አሉ። በብዙ የአቃቂ ቤቶች ቁም ሣጥን ላይ የተጫነ የሸክላ ማጫወቻና ከፋብሪካ ደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ሸክላ ዛሬም ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 የሠራው አምሃ ሬከርድስ፣ እንዲሁም ካይፋ ያሳተሟቸው ሸክላዎች፣ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የአልበሞች ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ ከታተመ ወዲህ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆነዋል። ቆራሌው ግን ሸክላን በፕላስቲክ ሒሳብ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ቤተሰብ የሁለቱንም ገጽ ጽሑፍና የካታሎግ ቁጥር በግልጽ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ጭረቱን ሳይደብቅ ለማሳየት መቸኮል የለበትም። እስከዚያው ድረስ ሸክላዎቹ ተደራርበው ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ቆመው፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቀው ይቀመጡ። ከተጣመሙ የሚያቃናቸው ጠጋኝ በአቃቂም ሆነ በመርካቶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።